የባዶ ቅል ማኅተም ለማን ይገባል?

በአንድ ወቅት፣ ኤዶ የምትባለው የጃፓን ከተማ ከአዋጅ ብዛት ፈገግታ ባጣችበት ዘመን፣ ባዶ ቅል የሚባሉ የቀልድ ግጥም መምህር ነበሩ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም እንዳይመስላችሁ። የቀልድ ገጣሚዎች በራሳቸው ላይ የሚያላግጥ የብዕር ስም የማውጣት ልማድ ነበራቸው። ይህኛው ስም ደግሞ ከአንዲት ትንሽ የእንጨት ማኅተም ጋር ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ቆይቶ ነው እሳቸው ዘንድ የደረሰው። ማኅተሙን የያዘ ሰው የሰፈሩን ግጥሞች ይዳኛል፤ ከሁሉ የበለጠው ላይ ያትምበታል። በቃ፣ ሥልጣኑ ይኸው ነው። ለዚህችም ቢሆን ዕድሜውን የሚሰጥ ሰው ሞልቶ ነበር።

ዳኝነቱ እንዳያዳላ አንድ ደንብ ነበር። ገጣሚዎቹ ግጥማቸውን ከነስማቸው በቁራጭ ወረቀት ያስገባሉ፤ የመምህሩ ልጅ ኦኪኑ ሁሉንም በራሷ እጅ ያለ ስም ትገለብጣለች። አባቷም የማን እንደሆነ ሳያውቁ ይፈርዳሉ። ኦኪኑ ሃያ ዓመት ስትገለብጥ ኖራ፣ ጥሩ ግጥም የምትለየው ብሩሹ እጇ ላይ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ነበር።

ታዲያ በዚያ ዓመት አዲስ የተሾመው የከተማው ሹም ሐር መልበስን፣ ርችት መተኮስን፣ በመጨረሻም በመንግሥት ሰው መቀለድን ከልክሎ አዋጁን በድልድዩ ራስ ላይ አሰቀለ። በሳምንቱ ኦኪኑ ስትገለብጥ ይህች ግጥም እጇ ገባች፤

«ሳቅ በአዋጅ ተከልክሏል፤
የሹሙ ፈረስ ብቻ
ዛሬም ጥርሱን ያሳያል።»

ብሩሹ ተንቀጠቀጠ። አባቷም ሳያመነቱ ማኅተማቸውን አሳረፉባት። ያሸነፈ ግጥም የመምህሩ ደጃፍ ላይ ይለጠፋልና ኦኪኑ ወጥታ ለጠፈችው። አዋጁን ረስታ አይደለም፤ ሃያ ዓመት የለመደ እጅ ጭንቅላትን አይጠይቅም።

በማግስቱ የሹሙ ሰዎች ወረቀቱን ይዘው ገቡ።

«ይህ የማን እጅ ነው?»

የኦኪኑ ነበር።

ግጥም ሊሰጥ የመጣው ዓሣ ሻጩ ካንሱኬ ብድግ አለና ሁለት እጆቹን ዘረጋ። «የኔ ነው። የጻፍኩትም የለጠፍኩትም እኔ ነኝ» አለ። ውሸቱን ነው። ካንሱኬ ሲጽፍ ኖሮ አንዲት ግጥሙ እንኳ ታትሞባት አታውቅም። ሁለት እጁን በብረት ጠፍረው ሃምሳ ቀን ከቤቱ እንዳይወጣ ፈረዱበት፤ በዚያ ሙቀት ዓሣው በሙሉ ሸተተ። ደግነቱ፣ እጁን የታሰረ ሰው እስቲ ጻፍ አይባልም።

የግጥሙ እውነተኛ ባለቤት ጃንጥላ ሠሪው ሞሄይ ነው። ቁራጩ የጃንጥላ ዘይት ይሸት ስለነበር ኦኪኑ አልረሳችውም። ሞሄይ ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ነበር፤ «እኔ ነኝ» ግን አላለም። ሰዎቹ ካንሱኬን ይዘው ገና ከደጅ ሳይርቁ፣ ስም ያለባቸውን ቁራጮች ሁሉ፣ የራሱንም ጭምር፣ ሰብስቦ ምድጃ ውስጥ ከተታቸው። ተመልሰው ቤቱን ሲበረብሩ ያገኙት አመድ ብቻ ሆነ፤ ሰማንያ ገጣሚ ከእስር ተረፈ።

«ለምን ዝም አልክ?» ብላ ኦኪኑ የልብሱን አንገትጌ አንቃ ያዘችው።

«ሁለት ሰው አንድ ግጥም የኔ ነው ካለ፣ የሁለታችንንም የእጅ ጽሑፍ ያስተያያሉ። ያንዳችንም ሳይሆን ሲቀር የማን ነው ይላሉ። ያኔ ወዳንቺ ይመጣሉ።»

ልክ ነበር። ብቻ ይህን ሲናገር ጉልበቱ ይብረከረክ ነበር። ብልሃት ይሁን ፍርሃት ኦኪኑ መለየት አቃታት። እኔም አልለየሁትም።

የዚህ ነገር ሦስተኛ ሰው ጸጉር አስተካካዩ ዩሳኩ ነው። ሹሙን የሚላጨው እሱ ነበር። ካንሱኬ በታሰረ በሃያኛው ቀን ምላጩን የሹሙ ጭንቅላት ላይ እንዳሳረፈ ያችን የተከለከለች ግጥም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ አላት። ሹሙ ፊቱ ሲጠቁር ዩሳኩ ረጋ ብሎ ሁለት መስመር ጨመረ፤

«እንዲህ ያለ ጌታ ተሸክሞ
ማን ደስ አይለውም?»

ሹሙ በሳቅ ፈነዳ፤ ለጥቂት ነው ጆሮው የተረፈው። ካንሱኬ በዚያው ቀን ተፈታ። ከተማው ግን ግጥሙን ከነጭማሪው ያዘው፤ ሹሙም ጋጣው በር ላይ አስጻፈው። እንግዲህ ዩሳኩ ስድቡን ውዳሴ አደረገው ወይስ ስድቡን አባሰው? ኦኪኑ አንድ ቀን እንዲህ ይመስላታል፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ።

በዚያው ሰሞን አባቷ ታመው አልጋ ያዙ። ኦኪኑ አጠገባቸው ተቀምጣ ግጥሙን አምስት መስመር አድርጋ አነበበችላቸው። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ሳል አላወቀችም።

«አባቴ፣ ማኅተሙን ለማን ልስጠው?»

«በዚያች ግጥም ምክንያት ለሚገባው ስጪው፣ ልጄ።»

«ለየትኛው?» ስትላቸው ዓይናቸውን ከድነው ነበር፤ መልሰውም አልገለጡት። ኦኪኑ አለቀሰች። ደግሞም ተናደደችባቸው፤ ምን ነበር አንድ ስም ቢጨምሩ!

በወጉ መሠረት ማኅተሙ የሐዘኑ አርባ ዘጠነኛ ቀን ሳያልቅ አዲስ ባለቤት ማግኘት አለበት። ያለዚያ ከመምህሩ መቃብር አጠገብ ይቃጠላል፤ ስሙም አብሮ ይቀራል። ያ ቀን ደረሰ። የሰፈሩ ሰው ቁራጭ ወረቀቱን ይዞ ደጅ ተኮለኮለ፤ ሦስቱ ገብተው ከኦኪኑ ፊት ተንበረከኩ።

የካንሱኬ አንጓ ላይ የብረቱ ጠባሳ ገና ቀይ ነው። «ሃያ ቀን ስደጋግማት ከርሜ፣ አሁንማ የጻፍኳት እኔ መስሎኛል። ሞሄይ አይቀየመኝ» አለ።

ሞሄይ መሬት መሬት እያየ፣ «ማስረጃዬን በገዛ እጄ አቃጠልኩ። ከእንግዲህ የኔ መሆኗን የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ፣ እህቴ» አለ።

ዩሳኩ ግን ቀና ብሎ አያት። «አበላሽቻት ከሆነ ንገሪኝ። የሹሙን ሳቅ አግኝቻለሁ፤ ያንቺን ግን እስካሁን አላየሁም።»

ኦኪኑ ማኅተሙን ቀይ ቀለም ውስጥ ነክራ አነሣች። ወደ ካንሱኬ ዘረጋችና በልቧ፣ ይህ ሰው ጥሩ ግጥም ከመጥፎ አይለይም እኮ ብላ መለሰችው። ወደ ሞሄይ ዘረጋች፤ ነገ ሹም ቢመጣ ይህ ጉልበት ያቆማል? አለችና መለሰችው። ወደ ዩሳኩ ዘረጋች፤ ግጥሙ የተጻፈበትን የሹሙን ጋጣ በር አስታወሰችና መለሰችው። ለማንም ላለመስጠት ስታስብ ደግሞ የአባቷ ትከሻ ፊቷ ድቅን አለ። ያ ሳቅ ከነበረ በየትኛው መስመር ላይ ነበር የሳቁት?

ከውጭ ሰዉ «መሸብን እኮ!» ይላል። ቀለሙ እየደረቀ ነው፤ ፀሐይዋም ከጣሪያው ጀርባ ልትገባ ነው። እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው። እስቲ እናንተ የኦኪኑን እጅ ያዙላት፤ ግጥሟን ከጻፋት፣ እጁን ከታሰረላትና ሹሙን ካሳቀባት፣ ያ ማኅተም ለማን ይገባል?