ሁለቱ የቀንድ ቢላዎች

ተረት ላምጣላችሁ፣ ጆሯችሁን አቁሙልኝ። ወሬው የሰው፣ ምክሩ የእግዜር ነው።

ድሮ ድሮ አንድ ደጃዝማች ነበሩ። ሥጋ ቆራጫቸው ሞተባቸው። ቦታውን ሁለት ሰዎች ተመኙት። አንዱ ይግዛው ነው፤ ጉልበቱ የበሬ። ሌላው ምሕረቴ ነው፤ ቀጭን፣ ጸሎተኛ፣ በሰው በሬ የሚያርስ ድኻ።

ደጃዝማቹ ለሁለቱም እጀታው ቀንድ የሆነ ቢላዋ ሰጡ። «ለቅበላ ቁረጡበት። በፋሲካ ጧት ደግሞ ያንኑ ይዛችሁ ኑ። የበሬውን ጭን ሳያቋርጥ የቆረጠ፣ ሹመቱም ጥንድ በሬም የሱ ነው።»

ቅበላ አለፈ። እንደ ወጉ ሥጋ የነካ ዕቃ ሁሉ ለጾም ይታጠባል። ይግዛው ቢላዋውን በፈላ ውሃ ዘፈዘፈው። ምሕረቴ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገና ወዲያው አደረቀው።

«አንተ፣ ሥጋ ሥጋ በሚሸት ቢላዋ ልትጾም ነው?» አለው ይግዛው።

«ቀንድ ነው ወንድሜ፤ ፍል ውሃ ይጎዳዋል።»

ይግዛው ፀሐይ ላይ አሰጣው። ምሕረቴ በጨርቅ ጠቅልሎ ጥላ ውስጥ አኖረው።

«ቢላዋህን አራስ አደረግኸው?»

«አዎ፤ አራስ ፀሐይ ላይ አትወጣም።»

ይግዛው ከምድጃው በላይ ሰቀለው። ስለቱን ብቻ በየቀኑ ይስላል። በጥላ ቢያኖረውም የምሕረቴ ቢላዋ እጀታ እየደረቀ መጣ። ቅቤ እንዳይቀባው ሁዳዴ ነው። ጨነቀው፤ ጸለየ።

ሚስቱ ዘነበች ሰማችው። «እግዜርን በዚህ ታደክመዋለህ? ተልባ እኮ የጾም ነው!»

ተልባውን ቀጥቅጠው ዘይቱን ጨመቁ። በየሳምንቱ እጀታውን ቀባው።

ይግዛው በሳቅ ፈረሰ። «ቅባት ቀብተህ ክርስትና ልታነሳው ነው?»

ፋሲካ ሆነ። በደጃዝማቹ ግብር ላይ ይግዛው እጅጌውን ሰብስቦ ጀመረ። አንድ ጊዜ ቢቆርጥ እጀታው ተነቃነቀ። ሁለተኛ ቢቆርጥ ተሰነጠቀ። ሦስተኛ ቢቆርጥ ስለቱ ከጭኑ ውስጥ ቀረ፣ ቀንዱ ከእጁ።

«ምነው ይግዛው፣» አሉ ደጃዝማቹ፣ «ቀንዱን ለበሬው ልትመልስለት ነው?»

ግብሩ በሳቅ ተናወጠ። ምሕረቴ አማተበና ቢላዋውን ያዘ። እስከ አጥንቱ ድረስ አንዴም ሳያርፍ ቆረጠ። ሁለቱን በሬዎች እየነዳ ቤቱ ገባ፤ ዘነበች እልል አለች።

በማግስቱ ደጁ ተንኳኳ። ይግዛው ነው፣ አንገቱን ደፍቶ። «ምሕረቴ፣ ወንድሜ፣ ከዚያች ከተልባዋ ዘይት ትንሽ ተርፋለች?»

ልጆቼ፣ ስለት የሳለ ይመካል፣ እጀታ የቀባ ይበላል። እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ቢላዋችሁን ከውሃው አውጡ።