በረሃ ላይ እጁን ያነሳው ሰው

አንድ ሹፌር በአይሱዙ ቲማቲም ጭኖ የአፋርን በረሃ ያቋርጥ ነበር። ጌጡ ይባላል። ገና ረፋዱ ላይ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል፤ ቲማቲሙ ሎግያ ሳይደርስ እንዳይፈርስበት እየከነፈ ነው። አጠገቡ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ እማማ ዘርፌ የሚባሉ አሮጊት ተቀምጠዋል።

አንድ ኩርባ እንዳለፉ መንገድ ዳር የቆመ ሰው አዩ። በአንድ እጁ ባዶ ጀሪካን ዘቅዝቆ ይዟል፤ ሌላውን እጁን ያወዛውዛል። ጌጡ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈው።

«ሌላ መኪና ይቆምለታል» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ጥቂት እንደሄዱ እማማ ዘርፌ፣ «ልጄ፣ ያ ሰውዬ አሁን ምን እያየ ይመስልሃል?» አሉት።

«አቧራችንን ነዋ!»

«አቧራው ሲበተንስ?»

«ባዶ መንገድ።»

«እሺ፣ ከዚያስ ወዴት ይዞራል?»

ጌጡ ሬዲዮውን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። እውነት ወዴት ይዞራል? ለራሱ ብቻ ቢሆን ጥላ ፈልጎ ይቀመጥ ነበር። ፀሐይ ላይ ያስቆመው ሌላ ሰው ቢኖርስ? ሚስቱ ብትሆንስ? ሳያስበው የገዛ ሚስቱ ግራር ስር ተኝታ፣ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ታየችው። «ምንም አይሆንም» አለ ለራሱ። ወዲያው ደግሞ «ቢሆንስ?» አለ። በስፖኪዮው ወደ ኋላ ተመለከተ። የሚመጣ መኪና የለም።

«ቲማቲሙ እንደፈለገ ይሁን!» ብሎ መኪናውን አዞረ።

ሲደርሱ ሰውየው ቦታው ላይ የለም። ጌጡ ዘሎ ወርዶ ተጣራ፤ ወዲህ ሮጠ፣ ወዲያ ሮጠ። በመጨረሻ እማማ ዘርፌ ራቅ ብሎ ከአንድ ቁጥቋጦ ስር የሚወዛወዝ ጨርቅ አሳዩት። ሁመድ የተባለው ያ ሰው ለተኛ ሰው በሽርጡ እያራገበለት ነበር። ጌጡ እንዳሰበው የተኛችው ሚስቱ አይደለችም፤ ሽማግሌ አባቱ ናቸው። ትኩሳት ጥሏቸው መናገር አቅቷቸዋል። ከመኪናው ባመጡት ውሃ ከንፈራቸውን አርሰው፣ ተሸክመው ጋቢና ውስጥ አስገቧቸው።

መንገድ ላይ ጌጡ፣ «ይቅር በለኝ፤ አይቼህ ነው ያለፍኩት» አለው።

«አውቃለሁ» አለ ሁመድ። «ካንተ በፊትም ሦስት መኪና አልፎኛል። ይሄ ቸኩሎ ነው፣ ያኛው ሽፍታ መስዬው ፈርቶ ነው እያልኩ ለሁላችሁም ምክንያት ሳስብላችሁ ነበር። ያን ባላስብ ላንተ እጄን የማነሳበት ጉልበት አይኖረኝም ነበር።»

ጌጡ ፍጥነቱን ጨመረ።

ሽማግሌው ጤና ጣቢያ ደርሰው ተረፉ። የቲማቲሙ እኩሌታ ፈረሰ። ጌጡ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እረፍት የለውም፤ በስንት ዓመት ሹፍርናው ያለፋቸው ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ ፊቱ ይቆማሉ።

ጌጡ ጨካኝ አልነበረም። ያን ሰው ያየው ግን ከራሱ ወንበር ላይ ሆኖ ብቻ ነበር። ለአፍታ በሰውየው ቦታ ሲቆም የታመመው ማን እንደሆነ ተሳስቷል፤ ጥሙን ግን አልሳተውም። የሌላውን ችግር በትክክል ማወቅ አይጠበቅብንም። ለመርዳት የሚያስነሳን በእሱ ቦታ ሆነን ለማየት መሞከራችን ነው።

እናንተስ፣ ዛሬ አይታችሁ ያለፋችሁት ማንን ነው? ለአንድ ደቂቃ እሱን ብትሆኑ፣ የእናንተ ማለፍ እንዴት ይታያችሁ ይሆን?