ከግድግዳው ማዶ የሚያዳምጠው

ነገሩ የሆነው አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሚያምን ይመን፤ የማያምን ሄዶ ግድግዳውን ያንኳኳ።

ወይዘሮ ዘውድነሽ የሟች ባላቸው የአቶ በለጠ ድምፅ እየጠፋባቸው ነበር። መልካቸው በፎቶ አለ፤ ድምፃቸው ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይርቃል። አቶ በለጠ በወጣትነታቸው አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን ክራር ተጫውተዋል። ያ የድሮ ዝግጅት ኢንተርኔት ላይ ተጭኗል ተባለ። ወይዘሮ ዘውድነሽ የፈለጉት ይህን ብቻ ነው፤ ያንን ድምፅ መስማት።

ዲሹ የሚያሳየው የዛሬን ነው፤ የድሮውን አያውቅም። በስልክ ዳታ ሞከሩት፤ ምስሉ ቆመና አቶ በለጠ አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቀው ቀሩ። ሴትዮዋ ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈኑት።

ቴክኒሻኑ ግዛቸው ተጠራ። «እማማ፣ ዳታ ለዚህ አይሆንም» አለ።

«ሲም የሚገባበት ራውተርስ?»

«እሱም ሰው ሲበዛበት ይንቀራፈፋል። እንዳይቆራረጥ ከፈለጉ ባለ ሽቦው ኢንተርኔት ነው።»

«እንግዲያው ባለ ሽቦው ይሁን። በለጠ ድሮም ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ተጨማሪ መንቀራፈፍ አያስፈልገውም።»

ግዛቸው ራውተሩን አስቀመጠ። ቴሌቪዥኑ፣ «ራውተሩ ካልበራ አላሳይም» አለ። እንዴት ተናገረ አትበሉኝ፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ዕቃ ሲናገር ይሰማል።

ራውተሩ፣ «ሽቦው ካልደረሰኝ አልበራም» አለ። ራውተሩ አልበራም አለ፣ ቴሌቪዥኑም አላሳይም አለ።

ሽቦው ኮሪደሩን ይዞ ሄደና መጨረሻው ላይ ያለ በር ሥር ቆመ። የሕንፃው የኢንተርኔት መስመር ሳጥን ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ጋሽ አሰግድ የሚባሉ ጎረቤት፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ የኮሪደሩን ጫፍ ግድግዳ ሠርተው ከቤታቸው ቀላቅለውት ነበር። ሳጥኑም አብሮ ተቀላቀለ። ጋሽ አሰግድ ቴሌቪዥን አልነበራቸውም፤ የወይዘሮ ዘውድነሽን በግድግዳው ያዳምጡ ነበር። ድምፁ ሲያንስባቸው ያንኳኳሉ፣ ይጨመርላቸዋል። ባለፈው ክረምት ሞቱ፤ ቤቱም ተዘጋ።

ሽቦው፣ «በሩ ካልተከፈተ አላልፍም» አለ። ሽቦው አላልፍም አለ፣ ራውተሩ አልበራም አለ፣ ቴሌቪዥኑም አላሳይም አለ።

የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ንጋቱ ቁልፍ ይዘው መጡ። በሩ፣ «ቁልፉ ካልዞረ አልከፈትም» አለ። ቁልፉ ገባ፤ አልዞረም።

«ስዘጋ የዞረው ይኸው ቁልፍ ነው እኮ» አሉ አቶ ንጋቱ፣ ጣታቸውን እያሻሹ። ብረቱ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

ከውስጥ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

«ሰው አለ እንዴ?» አለ ግዛቸው።

«የለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የለም አልኩህ» አሉና አቶ ንጋቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

ቁልፉም፣ «ለቅሶ ሳይደረስ አልዞርም» አለ። ቁልፉ አልዞርም አለ፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ ሽቦው አላልፍም አለ፣ ራውተሩ አልበራም አለ፣ ቴሌቪዥኑም አላሳይም አለ። አቶ በለጠም አፋቸውን እንደከፈቱ ይጠብቃሉ።

ወይዘሮ ዘውድነሽ ዝግ ብለው ጠየቁ፦ «ለመሆኑ የጋሽ አሰግድን ለቅሶ ማን ደረሰ?»

«ዘመድ የላቸው፣ ዕድር የላቸው። እርስዎ የደረሱ መስሎኝ ነበር» አሉ አቶ ንጋቱ።

«እኔ ደግሞ አንተ የደረስክ መስሎኝ።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና በሩ ሥር ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። «ጋሽ አሰግድ፣ ጎረቤትዎ ነኝ። ዘገየሁብዎ» አሉ። ከዚያ አለቀሱ። አቶ ንጋቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገባቸው ተቀመጡ። ግዛቸውም፣ ጋሽ አሰግድን ባያውቃቸውም፣ ፒንሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ቁልፉ ማንም ሳይነካው ዞረ። ቁልፉ ዞረ፣ በሩ ተከፈተ፤ በሩ ተከፈተ፣ ሽቦው አለፈ፤ ሽቦው አለፈ፣ ራውተሩ በራ፤ ራውተሩ በራ፣ ቴሌቪዥኑ አሳየ። ውስጥ አንድ ወንበር ግድግዳው ሥር ተጠግቶ ቆሟል። ክፍሉ ሁሉ አቧራ ነው፤ መቀመጫው ብቻ ንጹሕ ነው።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አቶ በለጠ ክራራቸውን አቀፉ። «እንደምን አላችሁ» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ሳይቆራረጡ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አዎ፣ ይኸው ነበር ድምፁ።

ከግድግዳው ማዶ ተንኳኳ።

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሪሞቱን በዳበሳ ፈልገው ድምፁን ጨመሩ።