አረንጓዴው ጨርቅ አልነሳም አለ

ተረት ተረት ልላችሁ ነበር፤ ግን ጮክ ብላችሁ የምትመልሱልኝ ከሆነ ይቅርብኝ። የዛሬው የለቅሶ ቤት ተረት ነው፤ ድምፃችሁን ቀንሱልኝ።

ደሴ ውስጥ እትዬ ዘነበወርቅ የሚባሉ እናት ነበሩ። ልጃቸው ምንተስኖት የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነበር። አንድ ቀን እሳቸው ገበያ ሳሉ ለቀረጻ ወጣ፣ መኪናው ተገለበጠ፣ በዚያው ቀረ። እናትየውን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባቸው በር ላይ ቆመው አለመሸኘታቸው ነው።

አርባው ሲቃረብ ልጃቸው ይሠራበት ወደነበረው ስቱዲዮ መጡ። እዚያ ምንተስኖት መብራት ሲሞክር የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ አለ፤ አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ቆሞ፣ እየሳቀ እጁን ያውለበልባል።

"ፍሬዬ፣ ልጄ" አሏት የሥራ ባልደረባውን ፍሬሕይወትን። "ይኼን ጨርቅ ከኋላው አንሺልኝና የቤታችንን በር አድርጊልኝ። ፎቶውን ጎረቤት በስልኬ አንስቶልኛል። በራችን ላይ ቆሞ ልየው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ትንሽ ነገር ናት፣ አይደል? ፍሬሕይወትም እንደዚያ መስሏት "እሺ እትዬ፣ አሁኑኑ" አለች።

ጨርቁን "ተነሳ" አለችው። ጨርቁም "ፕለጊኑ ካላነሳኝ አልነሳም" አለ። ፕለጊን ማለት ሶፍትዌር ላይ የሚቀጠል ትንሽ አጋዥ ነው፤ የዚህኛው ሥራ አረንጓዴውን እየለቀመ ማጥፋት ነው።

ፕለጊኑን "ጨርቁን አንሳ" አለችው። ፕለጊኑም "ሆዴን አሞኛል፤ ሚሞሪውን እጠጣለሁ እንጂ አልመልስም። መጠገኛ ካልተጫነልኝ መሃል ላይ ደርቄ እቀራለሁ" አለ። እንግዲህ ፕለጊኑ አላነሳም አለ፣ ጨርቁ አልነሳም አለ፣ እትዬ ዘነበወርቅ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

መጠገኛውን ከኢንተርኔት አወረደችው። ደግነቱ ኔትወርክ ነበር፤ ይኼ ራሱ ተረት ይመስላል። "ፕለጊኑ ላይ ተጫን" አለችው። መጠገኛውም "ሶፍትዌሩ ክፍት እያለ? እንዴት ተደርጎ! መጀመሪያ ይዘጋ" አለ። መጠገኛው አልጫንም አለ፣ ፕለጊኑ አላነሳም አለ፣ ጨርቁ አልነሳም አለ፣ እትዬ ዘነበወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው ይጠብቃሉ።

ሶፍትዌሩን "ተዘጋ" አለችው። ሶፍትዌሩም "የምንተስኖት ሥራ እላዬ ላይ ተከፍቶ አለ፤ እሱ ሳይዘጋ አልዘጋም" አለ። ሶፍትዌሩ አልዘጋም አለ፣ መጠገኛው አልጫንም አለ፣ ፕለጊኑ አላነሳም አለ፣ ጨርቁ አልነሳም አለ፣ እትዬ ዘነበወርቅ ይጠብቃሉ።

እዚህ ላይ ፍሬሕይወት እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ምንተስኖት ለአንዲት ሙሽራ ከኋላዋ ሰማይ እየሠራላት ነበር። ግማሹ ደመና ሆኗል፣ ግማሹ አሁንም አረንጓዴ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ ያንን ኮምፒውተር ማንም አልዘጋውም። ለእንዲህ ያለ ሥራ አቅም ያለው ደግሞ ያ ኮምፒውተር ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ የስቱዲዮው ሰዎች ባትሪው ሳያልቅ ጀነሬተር ለማስነሳት ይሯሯጣሉ፤ የታመመ ሰው የሚያስታምሙ ነው የሚመስሉት። እኔ ብሆን እዘጋው ነበር እላለሁ፤ ውሸቴን ነው።

ሥራውን "ሴቭ ሁንና ተዘጋ" ብላ ለመነችው። ሥራውም "ሚሞሪው ሞልቷል፣ ሴቭ አልሆንም፤ ከዘጋሽኝ እጠፋለሁ" አለ።

"የእሱ እጅ የነካውን እኔ አላጠፋም" አለች ፍሬሕይወት፣ እንባዋ ኪቦርዱ ላይ እየወረደ። ወደ ስቱዲዮው ባለቤት ወደ ጋሽ ሽመክት ሄደች። "እርስዎ ይዘዙኝ።"

"አላዝሽም ልጄ" አሉ ጋሽ ሽመክት። "እኔ አሠሪው ነኝ እንጂ እናቱ አይደለሁም።"

ጋሽ ሽመክት አላዝም አሉ፣ ፍሬሕይወት አላጠፋም አለች፣ ሥራው ሴቭ አልሆንም አለ፣ ሶፍትዌሩ አልዘጋም አለ፣ መጠገኛው አልጫንም አለ፣ ፕለጊኑ አላነሳም አለ፣ ጨርቁ አልነሳም አለ። ማን ቀረ? አግዳሚው ላይ የሚጠብቁት እናት ቀሩ።

ጋሽ ሽመክት አጠገባቸው ጎንበስ ብለው ሁሉንም ነገሯቸው። እትዬ ዘነበወርቅ ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ ተነሡና "እስቲ አሳዩኝ" አሉ። የልጃቸውን ግማሽ ሰማይ ቆመው አዩት፤ ብዙ አዩት።

"አስከሬኑ ሲመጣ ዐይኑንም የከደንኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ይኼንንም እኔው እዘጋዋለሁ። እጄን ያዢኝ ፍሬዬ።"

ፍሬሕይወት እጃቸውን ማውሱ ላይ አድርጋ መዝጊያው ጋ አደረሰችላቸው። ተጫኑት። ሰማዩ ጠፋ።

ሥራው ቢዘጋ ሶፍትዌሩ ተዘጋ። ሶፍትዌሩ ቢዘጋ መጠገኛው ተጫነ። መጠገኛው ቢጫን ፕለጊኑን ተሻለው። ፕለጊኑን ቢሻለው ጨርቁ ተነሳ። ጨርቁ ቢነሳ በሩ መጣ፤ ያ ቀለሙ የለቀቀ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር።

ምንተስኖት በሩ ላይ ቆሞ፣ እየሳቀ፣ እጁን አውለበለበ።

እትዬ ዘነበወርቅም እጃቸውን አነሱለት። "ሂድ እንግዲህ ልጄ" አሉት። "በሰላም ግባ።"

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን ተዉት፤ ዐይኔን አብሱልኝ።