ገብስማዋ ዶሮና የአቶ ሽብሩ ጉድጓድ

ጆሯችሁን ወዲህ በሉ፣ አፍንጫችሁን ግን ያዙ! የምነግራችሁ ተረት ይሸታል።

ድሮ ድሮ፣ ዛፍ ሲናገር ጉድጓድ ሲመልስ በነበረበት ዘመን፣ አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረች። ጫጩቶቿን ይዛ የምትውለው በአቶ ሽብሩ ጓሮ፣ በአንዲት ትልቅ አቮካዶ ሥር ነው። የአቮካዶዋ ቅጠል ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ፣ ጭልፊት ከላይ ሲዞር ቢውል ከሥር ያለውን አያይም። ገብስማም ቅጠሉን «ጣራዬ» ትለው ነበር። መቼም እናት ናትና እንቅልፍ የላትም። ነፋስ ሽው ሲል «ጭልፊት!»፣ ቅጠል ኮሽ ሲል «ጭልፊት!» እያለች ልጆቿን ክንፏ ሥር ትሰበስባለች።

ከአቮካዶዋ ከፍ ብሎ የአቶ ሽብሩ የሽንት ቤት ጉድጓድ አለ። እሜቴ ጉድጓድ የሲሚንቶ ክዳናቸውን ተከናንበው፣ ቤተሰቡ የበላውን ሁሉ ተቀብለው፣ ጠግበው ሞልተዋል። አቶ ሽብሩን «የመምጠጫ መኪና ይጥሩ እንጂ» ሲሏቸው «ክረምቱ ይለፍ» ይላሉ።

ክረምቱ ሳያልፍ እሜቴ ጉድጓድ ገነፈሉ። አቶ ሽብሩ ታዲያ ምን አደረጉ? አካፋ አንስተው ከአቮካዶዋ በታች፣ ከቤታቸው ጀርባ፣ አፈር ከምረው ግድብ ሠሩ። ቤቱ ዳነ። ፍሳሹ አቮካዶዋ እግር ሥር ተኛ።

ብዙም ሳይቆይ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ፤ ይረግፍም ጀመር። ጭልፊት ከላይ ሆኖ፣

«ገብስሜ! ጣራሽ እንዴት ዋለ?» አላት።

ገብስማ ወደ ዛፏ ሮጠች።

«እትዬ አቮካዶ፣ ምን ነካሽ?»

«ጠማኝ።»

ይህን እሜቴ ጉድጓድ ሰሙ። «ጠማኝ? እኔ እያለሁ! እንደኔ ያለ ለጋስ ጎረቤት ከየት ይገኛል? የሽብሩን ቤት ጮማ ከነመረቁ፣ እንኪ!» ብለው ቡልቅ አደረጉባት። ቅጠሉ ባሰበት።

«ገብስሜ! ጣራሽ እንዴት ዋለ?» አለ ጭልፊት ዝቅ ብሎ።

ገብስማ ወደ ባሏ ወደ አውራ ዶሮው ሮጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ የዛፏ ቅጠል እየረገፈ ነው፤ ልጆችህን ጭልፊት ሊበላቸው ነው!»

«ዛፏን ቡዳ በልቷት ነው» አለ ላባውን እያበጠረ። «እኔ ብጮኽባት ይለቃታል።» አጥር ላይ ወጥቶ ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኸ። ቡዳው አልለቀቀም፤ ጎረቤቱ ግን ሁሉ ወጥቶ ሰደበው።

በሦስተኛው አቶ ሽብሩ ራሳቸው መጡ። ቢጫውን ቅጠል ዳሰስ አድርገው፣ «ውይ፣ ጠምቷት ነው!» አሉና አንድ ባልዲ የልብስ እጣቢ ደፉባት። አፍንጫ የላቸውም እንዴ ትሉኝ ይሆናል። አፍንጫማ ነበራቸው፤ ለምዶት ነው።

ያን ቀን ቅጠሉ ዝርግፍ አለ። ጭልፊት «ጣራሽ...» ብሎ ሳይጨርስ እንደ ድንጋይ ወረደ። ገብስማ ተወረወረች፣ ላባ ተበተነ። ትንሿ ጫጩት ብትተርፍም ጭራዋ ቀርቶባት ነው።

ገብስማ ልጆቿን ሰብስባ ጎንበስ ስትል፣ አንድ ወፍራም የምድር ትል ከጭቃው ወጥቶ ሲያለከልክ አየች። ልትውጠው አፏን ከፈተች።

«እመቤቴ፣ መብላቱን ብይኝ» አላት ትሉ። «ግን ዶሮ ባለበት ጓሮ በጠራራ ፀሐይ የሚወጣ ትል አይተሽ ታውቂያለሽ? ለምን ወጣህ አትይኝም?»

«ለምን ወጣህ?»

«ከታች ትንፋሽ የለማ! አፈሩ ፍሳሽ ጠጥቶ ጠጥቶ ለአየር ቦታ አላስተረፈም። የአቮካዶዋም ሥር ታፍኖ እየበሰበሰ ነው። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ አይስብም። ሰምጣ ነው እኮ ጠማኝ የምትለው፤ እናንተ ደግሞ ትጨምሩላታላችሁ!»

ገብስማ ትሉን አየችው። ወፍራም ነው። ምራቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ሂድ፣ ዛሬ ጾመኛ ነኝ» አለችውና ወደ ጉድጓዱ ወጣች።

«እሜቴ ጉድጓድ፣ እባክዎ ማጉረስዎን ይተዉ። ዛፏን ገደሏት።»

«እኔ ምን ላድርግ? ሆድ ሲሞላ ይገነፍላል። ለሽብሩ ንገሪው።»

«እሳቸውማ አይሸታቸውም።»

«ደጃፉ ካልደረሰ ምን ብሎ ይሸተዋል!» ብለው እሜቴ ክዳናቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ገብስማ ግድቡን አየች። እግሯን አየች። ዶሮ አካፋ የላትም፤ መጫር ግን ከእናት ከአያት የወረደ ሙያዋ ነው። ጫር! ጫር! ጫጩቶቿም ተከተሉ፤ ጭራ የሌላትም ሳትቀር ጫር! ጫር! ግድቡ ተናደ። ፍሳሹም አቮካዶዋን ለቆ፣ ዞሮ፣ አቶ ሽብሩ ደጃፍ ደረሰ።

አቶ ሽብሩ ነጭ በነጭ ለብሰው ወደ ሠርግ ሊሄዱ ብቅ ሲሉ፣ እስከ ካልሲያቸው ገቡበት።

«ኡኡ! ይህ የሚሸተው የማን ጉድ ነው?»

«የራስዎ ነዋ!» አሉ እሜቴ ጉድጓድ። «ረሱት?»

ክረምቱ ይለፍ ይሉ የነበሩት ሰውዬ ሠርጉ እስኪያልፍ እንኳ አልታገሡም። መኪናው በዚያው ቀን መጣ፤ እሜቴ ጉድጓድም ሆዳቸው ጎደለ። አፈሩ ደረቀ፣ ትሉ ወደ ቤቱ ገባ። የአቮካዶዋ ግማሽ ጎን ደርቆ ቀረ፤ በግማሹ ግን አዲስ ቅጠል አወጣች።

ጭልፊት መጣና፣ «ገብስሜ! ጣራሽ እንዴት ዋለ?» አላት።

«ጠበብ ብሏል፤ ለልጆቼ ግን ይበቃል» አለች ገብስማ። «ምሳህስ እንዴት ዋለ?»

እንግዲህ ጎረቤት እግር ሥር የደፉት ጉድ አይሸትም፤ ዞሮ ደጅ ሲደርስ ግን ባለቤቱን ያስጮኻል። ተረቴ አለቀ፤ አፍንጫችሁን ልቀቁ።