ወርቅ የነካው ሸክላ

በአንድ ወቅት፣ ከአንድ አባትና ከሦስት እናቶች የተወለዱ፣ ዓይንህን ላፈር የሚባባሉ ሦስት ልጆች ነበሩ። አባታቸው መምህር ይርዳው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአንድ ነገር ነው። ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲሄድ እየሞቀ መንገድ ላይ ይባክናል። ክፉኛ ሲቀዘቅዙ ግን ምንም ሳያባክኑ የሚያሳልፉት ነገሮች አሉ። ጣጣው ያን ሁሉ ቅዝቃዜ ማምጣቱ ነው። መምህር በትንሽ ቅዝቃዜ ይህን የሚሠራ ነገር ሲፈልጉ ኖሩ። ሰፈርተኛውማ «ሰውዬው ነካ ያደርጋቸዋል» ይል ነበር።

ሊሞቱ ሲሉ ለጎረቤታቸው ለጋሽ ደምሰው እንዲህ ብለው ተናዘዙ፦ «የቤተ ሙከራዬ ቁልፍ ከልጆቼ ለአንዱ ብቻ ነው። እኔ ያቃተኝን ለሠራ ስጠው። የሌላውን ሥራ የነካ ግን ደጄን አይርገጥ!» ልጆቻቸውን ያውቋቸዋላ!

ከልጆቹ አንዷ፣ የሺመቤት፣ ጥቁር ሸክላ ታበስል ነበር፤ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪኩን ሳያባክን የሚያሳልፈው እሱ ነው። ምድጃዋ ከቤተ ሙከራው ግድግዳ ጋር አብሮ የተገነባ ስለሆነ ተነቅሎ አይሄድም። ቁልፉ ለሌላ ከሆነ ሥራዋ አበቃ። ይህን ስታስብ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። ስንት ዓመት ለፍታ ሸክላዋ ከአባቷ ሥራ እኩል ደረሰ እንጂ አልበለጠም። በውስጡ ኤሌክትሪኩን የሚሸከሙት ቅንጣቶች ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረዋል፤ ግን እንደ ተኮራረፉ ሰርገኞች የአንዱ ጥንድ እርምጃ ከሌላው አይገጥምም።

ወንድሟ አምኃ ደግሞ ወርቅን በእሳት አትንኖ ከትንፋሽ የሳሳ ሽፋን ያለብሳል። እጁ የተባረከ ነው፤ ልቡን ግን አትጠይቁኝ። ወርቁ ብቻውን የትም አላደረሰውም። የእህቱ ሸክላ ሲያምር ደሙ ፈላ። ወርቅም ይሁን ሌላ ብረት እንዲህ ያለውን ሸክላ ከነካው ኃይሉን መጥጦ እንደሚያዳክመው በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ይናገራል። «ቆይ፣ አሳያታለሁ!» አለና፣ እሷ ለቅሶ በሄደችበት ሸክላዋን ወርቅ በወርቅ አደረገው።

ስትመለስ ሸክላው ያብለጨልጫል።

«ማነው የነካብኝ?»

«እኔ ነኝ። ምን ታመጫለሽ?»

«ወርቅህን ብላ! ሸክላውንም የፈለገ ያንሳው!» አለችና አሽቀንጥራ ቆሻሻው ላይ ጣለችው። ንዴቷ ሲበርድ እንኳ ዞር ብላ አላየችውም።

ሦስተኛው ልጅ ግዛቸው ያን ሁሉ ቆሞ ያያል። እሱ መለኪያ ላይ አይሳሳትም፤ በእጁ ግን አንድም ነገር ሠርቶ አያውቅም። ሁለቱንም ይጠላቸዋል። «ጉዳቱን ለክቼ አምኃን አስባርራለሁ፤ እሷም ባዶ እጇን ትቀራለች» ብሎ ሸክላውን አነሳ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ከቶ ብርዱን ቀስ በቀስ ለቀቅ አደረገው። ኤሌክትሪኩ መባከን የሚጀምርበት ደረጃ አለፈ፤ አልባከነም። ብርዱ የአባትየው ሥራ ከሚፈልገው እጅግ አነሰ፤ አሁንም አልባከነም። ጉድ በል! ደጋግሞ ለካው። ነገሩ ያለው በሸክላውም በወርቁም ሳይሆን ሁለቱ በተነካኩበት ድንበር ላይ ነው። ጥንዶቹ የሸክላው ናቸው፤ እርምጃቸውን ያገጣጠመው ወርቁ ነው።

ከዚያማ የጋሽ ደምሰው ግቢ በጩኸት ተናወጠ።

«ያበሰልኩት እኔ ነኝ!» አለች የሺመቤት።

«ያሠራው የኔ ወርቅ ነው» አለ አምኃ።

«ሁለታችሁም ገድላችሁት ነበር፤ ከቆሻሻ ያነሳሁት እኔ!» አለ ግዛቸው።

ጋሽ ደምሰው ለምነው ነበር። «አብራችሁ ብትሠሩ ምን አለ፣ ልጆቼ?»

«ከነሱ ጋር? ሞቼ!» አለች። ሁለቱም እንደሷው መለሱ። የሺመቤት ወርቁ ለከንቱ እንደተለጠፈ ሙሉ እምነት ነበራት። ምላጭ አንስታ የሸክላውን ግማሽ ፋቀችና «በሉ ለኩት!» አለች። ለኩት። የተፋቀው ወገን ወደ ድሮው ተመለሰ፤ ያልተፋቀው እንደበለጠ ቀረ። ፊቷ አመድ መሰለ። በገዛ እጇ ለአምኃ መሰከረችለት! ግን አልተሸነፈችም፦ «እስቲ ድንጋይ ላይ ይቀባው! ሳያባክን ያሳልፍ እንደሆን ልይ!»

ጋሽ ደምሰው ቁልፉን ጨብጠው የሟቹን ቃል ያላምጣሉ። የነካ ደጄን አይርገጥ ብለዋል። ያቃታቸው ነገር ደግሞ የተገኘው በመንካት ነው። የጣለችው ሸክላ ደግሞ አሁንም የሷ ይባል ይሆን?

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ተካፈሉት እንዳትሉኝ፤ ቁልፉ አንድ ነው፣ እነሱም በአንድ ጣራ ሥር ውለው አያድሩም። አብስላ ለጣለችው፣ ሊያጠፋ ነክቶ ላበለጠው፣ ወይስ ሊያዋርዳቸው አንስቶ እውነቱን ላገኘው? ቁልፉ ለማን ይገባል?