መነጽሩ በጎን በኩል እምቢ አለ

አንድ ጡረታ የወጡ አባት እሑድ ከሰዓት በኋላ ለልጃቸው ስልክ ደወሉና፣ «መነጽሩ እኮ በጎን በኩል እምቢ አለ» አሏት።

ልጅቱም፣ «ሰማህ እንዴ?» አለቻቸው። «እኔ ራሴ ትናንት ነው የሰማሁት።»

«ከማን እሰማለሁ? አየሁት እንጂ።»

ነገሩ የጀመረው በዚህች በአንዲት ቃል ነው፣ ወገኖቼ። እናንተ መነጽር ሲባል ምን ይታያችኋል? አፍንጫችሁ ላይ የምታኖሩት አይደለም? በእነዚህ በሁለቱ ቤት ግን «መነጽሩ» ሲባል ሌላ ነገር ነበር።

ልጅቱ ናርዶስ ትባላለች። አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ለሦስተኛ ዲግሪዋ የሰማይ አካላትን ታጠናለች። የምታጠናውም ሃብል የተባለው ቴሌስኮፕ ምድርን እየዞረ ባነሣቸው ምስሎች ላይ ነው። አሰላ የሚኖሩት አባቷ አቶ ወንድይፍራው ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት መንገድ ቀያሽ ነበሩ። በሦስት እግር ቆሞ በአንድ ዓይን የሚታይበትን የቅየሳ መሣሪያቸውን እርሳቸውና ሠራተኞቻቸው «መነጽሩ» ይሉት ነበር። ልጃቸው ስለ ቴሌስኮፕ ስትነግራቸው እርሱንም «መነጽሩ» አሉት፤ በዚያው ቀረ።

መነጽሩን ወደዱት። በተለይ አንድ ታሪክ ደጋግማ እንድትነግራቸው ይጠይቋት ነበር። መነጽሩ ሰማይ ከወጣ በኋላ ያነሣው ሁሉ ደበዘዘ፤ ለካ ትልቁ መስታወት ሲሞረድ ጠርዙ ላይ ተስቷል። ስሕተቱ የፀጉር አንድ ሃምሳኛ ያህል ብቻ ነው። ታዲያ ምን ተደረገ? ሰዎች እዚያው ድረስ ወጥተው፣ ጓንት ባጠለቀ እጃቸው ሆዱን ከፍተው፣ እይታውን የሚያቃኑ ትንንሽ መስታወቶች አስገቡለት። ጠራ።

«መነጽርም ለካ መነጽር ያስፈልገዋል» ይሉ ነበር አቶ ወንድይፍራው። «ያን መስታወት የሞረደው ሰውዬ የእኔ ሠራተኛ ቢሆን፣ ከአሰላ እስከ ዶዶላ ችካል አሸክመው ነበር።»

ናርዶስ ትስቃለች። ሁለቱም ዓይን አፋሮች ናቸው፤ እናቲቱ ካረፈች ወዲህ የሚያወሩት ጠፍቶባቸው ነበር። ስለ እርሷ እንዳያወሩ ያማል፤ ስለ ራሳቸው እንዳያወሩ አልለመዱም። መነጽሩ ግን ነበረላቸው። እሑድ እሑድ አባት፣ «መነጽሩ እንዴት ነው?» ይላሉ፤ ልጅ ትነግራቸዋለች። ሁለቱም እንደተጠያየቁ ያህል ልባቸው ያርፋል።

እንግዲህ በዚያች እሑድ፣ «በጎን በኩል እምቢ አለ» ሲሏት፣ ልጅቱ ምን ትጠርጥር?

«ታዲያ አሳሳቢ ነው?» አሉ አባት።

«አይ፣ አትጨነቅ። የታወከው አንዱ ነው። በአንዱ ብቻም ማየት ይችላል፤ ሌላውን ለክፉ ቀን ያሳርፉታል።»

«ያሳርፉታል?»

«አዎ፣ እንዳይደክም። እንደዚያ ከሆነ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል።»

«ሰው አያየውም ማለት ነው?»

«አሁን እኮ የሚያደርስ ነገር የለም፣ አባዬ። ካሉበት ሆነው ነው የሚከታተሉት።»

«ይሁን እንግዲህ» አሉና ጥቂት ጸጥ አሉ። «ካልሽ ይሁን።»

ናርዶስ የምትናገረው በቴሌስኮፑ ውስጥ እየተሽከረከሩ አቅጣጫውን ስለሚጠብቁለት መሣሪያዎች ነበር። በመጨረሻው ጥገና ስድስት አዳዲስ ተደርገውለት፣ ሦስት ቀርተው፣ ከሦስቱም አንዱ ታውኮ፣ በአንድ ብቻ እንዲሠራና የቀረው ለመጠባበቂያ እንዲቆይ የተወሰነበት ሰሞን ነው። ሰው ያደርስ የነበረው መንኮራኩርም ከሥራ ከወጣ ዓመታት አልፈውታል። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው። አንድ ቃል አልዋሸችም።

አባት ግን የሚናገሩት አፍንጫቸው ላይ ስላለው ነበር። በዚያ ሳምንት በግራ በኩል የበሩን መቃን ሳያዩት ትከሻቸውን መቷቸው ነበር። ሰው በዓይኑ ክፉ አይጠረጥርም፤ መነጽሩን ጠረጠሩ። ስለ ራሳቸው መናገር ስለሚከብዳቸውም እንደ ቀላል ነገር አድርገው ጣል አደረጉላት።

እና ልጃቸው፣ ያቺ የተማረችው፣ መለሰችላቸው። በአንዱ ብቻ ማየት ይቻላል። ሌላውን አሳርፍ። ሰው አይመጣም።

በማግስቱ ከመድኃኒት ቤት የቁስል ፕላስተር ገዝተው የመነጽራቸውን ቀኝ ወገን ሸፈኑት። ደህናው ወገን ለክፉ ቀን ይረፍ አሉ፤ እምቢ ያለው ይሥራ። ለሰው ቢነግሩት ያስቃል። ግን ዕድሜ ልኩን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መንገድ የቀየሰ ሰው፣ በአንድ ዓይን ማየት ምን ይገርመዋል?

እሑድ መጣ። «መነጽሩ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፤ በአንዱ ይሠራል።»

«እዚህም እንደዚያው ነው» አሉ።

እንደዚያው ነው ሲሉ ናርዶስ ምን መሰላት? ደህና ነኝ ያሉ መሰላት። እንደዚህ እየተባባሉ ስምንት ወር አለፈ። ስምንት ወር፣ ወገኖቼ። ሠላሳ አራት እሑድ። ከአዲስ አበባ አሰላ በአውቶቡስ የስንት ሰዓት መንገድ ነው? ሄዳችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ረፋድ ላይ ተነሥቶ ምሳን እዚያ መብላት ይቻላል። ጥናቷ ነበረባት። ምስሎቹ ነበሩባት። ክፉ ልጅ አልነበረችም።

አንድ ረቡዕ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሸዋረገድ ደወሉ።

«ልጄ፣ አባትሽ የውኃ ቦይ ውስጥ ገብተው ነበር። አትደንግጪ፣ አጥንታቸው ደህና ነው። ግን ላነሣቸው እጃቸውን ብይዝ፣ 'ማን ልበል?' አሉኝ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ እኮ ነው።»

«ቆይ እኔ የምልሽ» አሉ ሴትዮዋ፣ «ያን ፕላስተር ምን ብለሽ ነው ያዘዝሽላቸው? አንሡት ስንላቸው፣ 'ልጄ ናት ያዘዘችኝ፣ ከእናንተ እርሷ ታውቃለች' እያሉ አሻፈረኝ አሉን።»

በማግስቱ አሰላ ነበረች። አባቷ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ ተላጭተዋል፣ ግራ ጉንጫቸው ላይ ግን ምላጭ ያልነካው ጢም ቀርቷል። መነጽሩ በገመድ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የቀኙ ወገን ነጭ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው አባዬ?»

«ያልሽውን ነዋ» አሉ። «አንዱን ለክፉ ቀን።»

ገባት። አጠገባቸው ተቀመጠች።

የዓይን ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ረጋ ብሎ ነገራቸው። ግላኮማ ነው። የዓይን ግፊት ነው፤ ሳያሳምም ከጎን ጀምሮ ይበላል። የግራው ጠፍቷል። የቀኙም ተሸፍኖ ሳለ ሳይታወቅ ሲበላ ቆይቷል፤ አሁን የቀረው መሐሉ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናት። የሄደው አይመለስም። ጠብታ ግን የቀረውን ሊያቆይ ይችላል።

«ከስምንት ወር በፊት ብንመጣ ኖሮስ?» አለች ናርዶስ።

ሐኪሙ ወደ አባቷ አየ፤ ወደ እርሷም አየ። «ጠብታው ያኔ ቢጀመር ጥሩ ነበር» አለ።

ከክፍሉ ወጥተው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አባት እጇን በዳበሳ ፈልገው ያዙ።

«እንዲያው ለመሆኑ፣ ያኔ የምትነግሪኝ ስለ የትኛው መነጽር ነበር?»

«ስለዚያኛው።»

«እኔም ቆይቼ ጠርጥሬ ነበር» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበር እኮ የምታወሪው» አሉ አባት። «ላቋርጥሽ አልፈለግሁም።»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም።

ያ ቴሌስኮፕ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። እርሱን ለመጠገን ስንት ጊዜ ሰው ወጣ? አምስት ጊዜ። የደከመውን ለወጡለት፣ የተሳተውን አቀኑለት፣ የጨለመበትን አበሩለት። ሰማይን በዚያ ሁሉ ዓመት ያየልን እጅ ስለነካው ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የሚሄድለት የለም። ከምድር ሆነው ይከታተሉታል፣ ከምድር ሆነው ያስታምሙታል፤ ግን የሰው እጅ ስለማይነካው፣ አንድ አንድ እያለ እየጎደለበት ይኖራል። እነዚያ ምን ያድርጉ? መንገድ የላቸውም።

እናንተስ? መንገድ የላችሁም?

ሌላም ልንገራችሁ። ያ ቴሌስኮፕ አንድ ጊዜ ምንም ወደሌለበት የሰማይ ክፍል እንዲያይ ተደርጎ ነበር። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንዲት የጤፍ ፍሬ በጣታችሁ ጫፍ ብትይዙ፣ የጤፏ ፍሬ የምትሸፍናት ያህል ጨለማ ናት። ጊዜ ማባከን ነው ያሉ ነበሩ። አሥር ቀን ሙሉ ዓይኑን ሳያነሣ አየ። ባዶ በተባለችው በዚያች ጨለማ ውስጥ ሦስት ሺህ ያህል ጋላክሲዎች ተገኙ፤ እያንዳንዱም በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት ያሉበት። ከዚያ በፊት ማንም አላያቸውም። ስለሌሉ ነው? ነበሩ እንጂ። ያን ያህል ቆይቶ ያያቸው ስላልነበረ ነው።

ናርዶስ ይህን ምስል ጥግ በጥግ ታውቀዋለች። ሥራዋ ነው። የአባቷን ዝምታ ግን፣ «ይሁን እንግዲህ» ብለው ጸጥ ያሉባትን ያቺን ጥቂት ጊዜ፣ ባዶ መስላት አልፋዋለች።

እናንተ የማንን ዝምታ ነው ባዶ መስሏችሁ ያለፋችሁት? ቤታችሁ ውስጥ «ደህና ነኝ» የሚላችሁ ማን ነው? «እዚህም እንደዚያው ነው» ያላችሁ ማን ነው? ስልክ እንደምትደውሉ አውቃለሁ። ስልክ መልካም ነው። ግን ስልክ የበሩ መቃን የመታውን ትከሻ ያሳያል? ጉንጭ ላይ የቀረውን ጢም ያሳያል? እግዚአብሔር እንኳ እኛን ከላይ ሆኖ መከታተል ይችል አልነበረም? መጣ። ጎበኘን። በእጁ ነካን። ጭቃ ቀብቶ ዓይን ያበራው ያ እጅ ከሩቅ አልተዘረጋም።

ስለዚህ ልለምናችሁ። የምትሄዱበት ካለ፣ ሂዱ። የምትጠይቁት ካለ፣ አንዴ መጠየቅ አይብቃችሁ፤ «ስለ የትኛው ነው የምትነግረኝ?» በሉት። ሲናገር ብቻ አትስሙት፤ ዝም ሲልም ቆዩለት። ደስታችሁን ላለማቋረጥ ብለው ሕመማቸውን የሚውጡ ሰዎች አሉ። እናቶቻችን እንደዚህ ናቸው። አባቶቻችን እንደዚህ ናቸው። ምናልባት አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው እንደዚህ ነው። ጨለማው ከጎን ነው የሚጀምረው፤ ፊት ለፊት እያያችሁ ደህና የሚመስላችሁ ለዚህ ነው። ለአንዳንዱ ጉዳት ጥገና አለ። ለአንዳንዱ ደግሞ፣ ይህን ስነግራችሁ እኔም ከብዶኝ ነው፣ ጊዜው ያልፋል።

ናርዶስ አባቷን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ጠዋትና ማታ ጠብታውን በእጇ ታደርግላቸው ነበር። አንድ ቀን ያን የጨለማውን ምስል በትልቅ ወረቀት አሳትማ አመጣችላቸው። በቀረችው ቀዳዳ በአንድ ጊዜ የሚታያቸው ትንሽ ስለሆነ፣ ወረቀቱን ፊታቸው ይዛ ቀስ እያለች አንቀሳቀሰችላቸው፤ ጥግ በጥግ አዩት፤ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። የቀኝ ዓይናቸው ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ቆየ። ከዚያ እርሱም ጠፋ።